ከመጠርጠር መመርመር ይቅደም

በአንድ ቤት ውስጥ የጋራ የሆነ ነገር ሲጎድል፥ ጉድለቱን ያመጣው ምን እንደ ሆነ ከመታወቁ በፊት ማን እንደ ሆነ መነገር ይጀምራል። ስኳሩ ቶሎ ካለቀ ልጆቹ ናቸው፤ የመብራቱ ሒሳብ ከበዛ ተከራይዋ ናት፤ የቧንቧው ውኃ ከቀጠነ የላይኛው ጎረቤት ነው ይባላል። መመርመር ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጠርጠር ግን ምንም አይጠይቅምና ሁልጊዜ እርሱ ይቀድማል።

በዘመናችን በብዙ ቤቶች አንድ አዲስ የጋራ ነገር ገብቷል፤ ይኸውም ኢንተርኔት ነው። እርሱም እንደ ውኃና እንደ መብራት ለቤተ ሰቡ ሁሉ የሚከፋፈል ስለ ሆነ፥ በደከመ ጊዜ ሰውን ከሰው ያቀያይማል። ውድ አንባቢ ሆይ፤ ዛሬ የምጽፍልዎ በመርሳ ከተማ በሚገኘው ቤታችን ይህ ነገር በደረሰ ጊዜ ምክንያቱን እንዴት አድርገን ደረጃ በደረጃ እንደ ፈለግነውና ምን እንዳገኘን ነው። የእርስዎ ቤት ችግር ከእኛ ቤት ችግር ጋር አንድ ላይሆን ይችላል፤ የአፈላለጉ ሥርዐት ግን ለሁሉም ያገለግላል ብዬ አምናለሁ።

መርሳ ከወልድያ በስተ ደቡብ፥ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና ጐዳና ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ከተማ ናት። ከዚህ አገር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎችም የዐረብ አገሮች ለሥራ የሄዱ ልጆች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለብዙ ቤተ ሰብ ኢንተርኔት ማለት በሩቅ ያለች ልጅ ድምፅና ፊት ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወደ ወልድያና ወደ መርሳ በደረሰበት ጊዜ ስልኩም መብራቱም ተቋርጦ፥ እናት የልጇን፥ ልጅም የእናቱን ደኅንነት ሳያውቁ ወራት አልፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ወር መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ያየ ሰው ኢንተርኔቱ በዘገየ ቁጥር «ከላይ ነው» ብሎ ቢተወው የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ከላይ የመጣ ችግርና ከቤት የተነሣ ችግር በመልካቸው ይመሳሰላሉ፤ በሁለቱም ጊዜ ምስሉ ይቆማል፥ ድምፁም ይቆራረጣል። ከላይ ለመጣው ምናልባት ከመጠበቅ በቀር ሌላ መድኃኒት አይገኝ ይሆናል። ከቤት ለተነሣው ግን ሰው ዓመት ቢጠብቅ ምንም አይለወጥለትም።

ወደ ቤታችን መስመሩ የገባው ቀደም ብሎ ነው። በምሰሶ ላይ የሚመጣው የስልክ ሽቦ በሳሎኑ መስኮት በኩል ገብቶ ሞደም ከሚባለው ትንሽ ሣጥን ላይ ያርፋል፤ ከሞደሙም አንድ ኬብል ወጥቶ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ልጃችን ከሚማርበት ላፕቶፕ ጋር ይገናኝ ነበር። ተጠቃሚው አንድ ሰው ብቻ ስለ ነበረ የሚያማርር አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ካለፈ በኋላ ግን ሌሎቻችንም ተካፋይ እንድንሆን ታስቦ፥ ያለ ሽቦ በአየር የሚያከፋፍለው ራውተር ተገዛና ከሞደሙ ጋር ተገናኘ። ሊገጥም የመጣው ወጣት ከአቧራና ከሕፃናት እጅ እንዲጠበቅ ብሎ ቴሌቪዥኑ ከተቀመጠበት የብረት ቁም ሣጥን ውስጥ አኖረው፤ ባለቤቴም እንደ ሌላው የቤት ዕቃ ሁሉ የዳንቴል ልብስ አለበሰችው።

ተካፋዮቹም እኔና ባለቤቴ፥ ሁለቱ ልጆቻችን፥ ከእኛ ጋር የምትኖረው የባለቤቴ ታላቅ እኅት እትዬ፥ እንዲሁም በጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት የተከራየችው ነርስ ነበርን። ነርሷ ከወርኀዊው ሒሳብ ድርሻዋን በየጊዜው ትከፍላለች።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ ነገሩ ተበላሸ። ልጃችን የሒሳብ ትምህርት ሲከታተል መምህሩ ጠመኔውን እንደ ያዘ ደርቆ ይቀራል። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን የእትዬ ነገር ነበረ። ልጇ በሳዑዲ ዐረቢያ በሰው ቤት ትሠራለች፤ የምታርፈውም ዓርብ ማታ ብቻ ስለ ሆነ በዚያ ሰዓት በቪዲዮ ትደውላለች። ራውተሩ ከገባ በኋላ የልጂቱ ፊት በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል፤ «ደኅና ነኝ እማዬ፤ ደኅና ነኝ» ካለች በኋላ ድምፁ ይጠፋል። በሦስተኛው ዓርብ እትዬ ስልኩን አስቀምጣ፥ «ልጄ ፊቷን የምትሸሽገኝ አንድ ነገር ቢደርስባት ነው፤ መስመር እያለች ታመካኛለች» ብላ አለቀሰች። ያን ሌሊትም እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ወዲያው ጣት ወደ ሰርቪስ ቤቱ መጠቆም ተጀመረ። «ከእርሷ ጋር ከተካፈልን ወዲህ ነው የተበላሸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ብታይ ነው እንጂ» የሚል ነገር ከአንዱ ወደ አንዱ ተላለፈ። አንድ ዘመዳችን የይለፍ ቃሉ ተለውጦ እንድትከለከል መከረ፤ ሌላው ደግሞ ቤቱን ብትለቅ ይሻላል እስከ ማለት ደረሰ። ነገሩም ወደ ጆሮዋ ደረሰ። በማግሥቱ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ ድምፅዋን ሳታነሣ እንዲህ አለች፤ «ጋሼ፥ እኔ በሳምንት ሦስት ሌሊት ተረኛ ነኝ፤ በእነዚያ ሌሊቶች ስልኬ ከእኔ ጋር ሐኪም ቤት ነው የሚያድረው። ለመሆኑ በእነዚያ ሌሊቶች ኢንተርኔቱ ደኅና ይሆናል ወይ?»

መልስ የሰጣት ሰው አልነበረም። የለካ ሰው ስላልነበረ የሚያውቅም አልነበረም። እኔም፥ «ይህ ሳይታወቅ የይለፍ ቃል አይለወጥም፤ ከቤትም የሚወጣ ሰው የለም» አልኩና በማግሥቱ ከልጃችን ጋር ምርመራውን ጀመርን።

በዚህ ሥራ የመራኝ በወረዳችን በጊራና አካባቢ በመስኖ የሚያለሙት ገበሬዎች ልማድ ነው። በእነርሱ ዘንድ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል «የውኃ አባት» የሚባል ሽማግሌ አለ። ከቦዩ ጫፍ ያለው ገበሬ «ውኃ አልደረሰኝም» ብሎ ቢጮኽ፥ ብልህ የውኃ አባት በመጀመሪያ ከላይ ያለውን ባለ እርሻ አይከስስም። ወደ ጠለፋው ወጥቶ ከወንዙ የሚገባው ውኃ ልኩን የያዘ መሆኑን ያያል፤ ከዚያ በቦዩ ዳር እየወረደ የተናደና የሚያሰርግ ቦታ እንዳለ ይመለከታል፤ በመጨረሻም ከየእርሻው በር እየቆመ ማን ያለ ተራው እንደ ከፈተ ያረጋግጣል። ይህን ቅደም ተከተል የተወ እንደ ሆነ ግን ወንዙ ደርቆ ሳለ ሰው ሊያጣላ ይችላል።

የቤት ኢንተርኔትም እንዲሁ ሦስት ክፍል አለው። አንደኛው ከውጭ እስከ ሞደሙ የሚመጣው መስመር ነው፤ ይህ ወንዙ ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነሥቶ በአየር ወደየክፍሉ የሚሄደው ነው፤ ይህም ቦዩ ነው። ሦስተኛው የየሰዉ ስልክና ኮምፒዩተር ነው፤ ይህም እርሻው ነው።

ከዚያ አንድ ደብተር አዘጋጅተን በየቀኑ ጧት በ2 ሰዓት፥ ቀን በ8 ሰዓትና ማታ በ2 ሰዓት መለካት ጀመርን። ፍጥነት የሚለኩ ገጾች ያለ ክፍያ በኢንተርኔት ይገኛሉ፤ ሦስት ነገርም ይነግራሉ። እነርሱም ወደ ቤት የሚገባው ፍጥነት፥ ከቤት የሚወጣው ፍጥነት፥ እንዲሁም አንድ መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ናቸው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ያልፋል፤ ለእኛ ምሥጢሩን የገለጡልን ግን ሁለቱ የኋለኞቹ ናቸው።

መጀመሪያ ወንዙን መረመርን። ራውተሩን ለይተን ላፕቶፑን በኬብል ከሞደሙ ጋር በቀጥታ አገናኘነው። የተዋዋልነው በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው፤ በኬብል የተገኘውም ጧትም ቀንም ማታም ከ3.6 እስከ 3.8 ነበረ። የሚወጣው 0.5 ሜጋቢት ያኽል ሲሆን፥ የመመላለሻው ጊዜ ከ60 ሚሊ ሰከንድ አልበለጠም። በዚህም ከውጭ የሚመጣው መስመር ንጹሕ መሆኑ ታወቀ፤ ስለ ላይኛው አካል የምንናገረውም ነገር እዚያ ላይ ቆመ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላስረዳ። የመስመር ፍጥነት የሚነገረው በሜጋቢት ሲሆን፥ የፋይል መጠን የሚነገረው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለ ሆነ 4 ሜጋቢት ማለት በሰከንድ ግማሽ ሜጋባይት ብቻ ነው። 30 ሜጋባይት የሆነ ትምህርት ለማውረድም አንድ ደቂቃ ይፈጃል ማለት ነው። በራውተሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው 300 የሚል ቁጥርም በቤት ውስጥ ባለው አየር ላይ ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ልክ የሚናገር እንጂ የመስመሩን ልክ አይደለም። ሰፊ ቦይ መቆፈር የወንዙን ውኃ አያበዛውም።

ቀጥሎ ወደ ቦዩ ወረድን። ራውተሩን መልሰን አገናኝተን፥ ሌሎቹን ስልኮች ሁሉ ዘግተን፥ አንድ ስልክ ይዘን ከክፍል ወደ ክፍል ዞርን። ከቁም ሣጥኑ አጠገብ 3.5 ሜጋቢት ተገኘ፤ በእትዬ ክፍል 0.6፤ በሰርቪስ ቤቱ ደግሞ 0.3 ብቻ። ተከራይዋ ሌሊቱን ሙሉ ፊልም ታያለች የተባለበት ክፍል፥ ፊልም ለማየት የማይበቃ ነገር የሚደርሰው ክፍል ነበረ።

የዚህ ምክንያት ግልጥ ነው። ዋይፋይ የራዲዮ ሞገድ ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ደንቡ የወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ሲሆን፥ ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባውም በዚያው ዓመት ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሞገድ 2.4 ጊጋኸርዝ የተባለው ነው፤ ርዝመቱም 12 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያኽላል። ይህ ሞገድ ከእንጨትና ከጨርቅ በቀላሉ ያልፋል፤ በጭቃና በብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ እየደከመ ይሄዳል፤ ብረትና ቆርቆሮ ሲያገኝ ግን ተመትቶ ይመለሳል። በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ራውተር፥ በእንስራ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ከዚህ ይፈጥናል፤ ነገር ግን በግድግዳ ሲያልፍ ይበልጥ ይደክማልና ለሩቅ ክፍል 2.4 ይሻላል።

ስለዚህ ራውተሩን ከቁም ሣጥኑ አውጥተን በኮሪደሩ መካከል፥ ከሰው ቁመት ከፍ ካለ የእንጨት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥነው። ዳንቴሉ ሞገዱን ባይከለክልም ሙቀቱን አፍኖ ይይዛልና፥ እንደ መርሳ ባለ ሞቃት አገር ባይለብስ ይሻላል ብለን ገፈፍነው፤ ባለቤቴም በስንት ልመና ፈቀደች። ከዚህ በኋላ በእትዬ ክፍል 2.9፥ በሰርቪስ ቤቱ 1.8 ተገኘ። ሁሉም ደስ አለው፤ ነገሩ የተፈጸመ መሰለ።

ይሁን እንጂ ዓርብ ማታ ልጂቱ ስትደውል ምስሉ እንደ ቀድሞው ተሰባበረ።

ባለቤቴ በዚያ ሰዓት እንጀራ ይጋገር ስለ ነበረ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ጠረጠረች። ጥርጣሬዋም መሠረት የሌለው አይደለም፤ ማይክሮዌቭ የሚባለው ምድጃ በዚያው በ2.4 ጊጋኸርዝ አጠገብ ስለሚሠራ በሥራ ላይ ሳለ ዋይፋይን ያውካል። የእኛ ምጣድ ግን ሽቦ በማጋል ብቻ የሚሠራ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ሞገድ አያወጣም። ደብተሩም ያንኑ መሰከረ፤ እንጀራ ባልተጋገረባቸው ምሽቶችም መስመሩ እንደዚያው ደክሞ ነበር።

ደብተሩ የመሰከረው ሌላም ነገር አለ። ተከራያችን ተረኛ ሆና ባላደረችባቸው ሦስት ሌሊቶች የተለካው፥ ቤት ባደረችባቸው ሌሊቶች ከተለካው ጋር አንድ ነበረ። ማታ ማታ የሚገባው ወደ 1 ሜጋቢት ወርዷል፤ የሚወጣው ከምንም አይቈጠርም፤ የመመላለሻው ጊዜ ደግሞ ከ60 ሚሊ ሰከንድ ተነሥቶ 1,800 ደርሷል። ሁለት ሰዎች ያለ ችግር ለመነጋገር ድምፃቸው ባንድ ወገን ሲሄድ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ ባይዘገይ ይመረጣል። ለደርሶ መልሱ ሁለት ሰከንድ ያኽል ሲፈጅ ግን አንዱ የሌላውን ንግግር እየቈረጠ፥ ሁለቱም «ሃሎ ሃሎ» ሲሉ ጊዜው ያልቃል።

ስለዚህ ወደ ሦስተኛው ክፍል፥ ወደ እርሻዎቹ ደረስን። በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር ይታያል፤ በዚያ ምሽት ሰባት ነበሩ። አንድ በአንድ እያቋረጥን ከእያንዳንዱ በኋላ ለካን። ላፕቶፑ ተቋረጠ፤ ለውጥ የለም። የተከራያችን ስልክ ተቋረጠ፤ ለውጥ የለም። የእኔም ስልክ እንዲሁ። የባለቤቴ ስልክ ሲቋረጥ ግን የመመላለሻው ጊዜ ከ1,800 ወደ 700 ወረደ፤ የሴት ልጃችን ስልክ ሲጨመር ደግሞ ወደ 60 ተመለሰ።

ባለቤቴም፥ «እኔ ስልኬን ከቻርጅ ላይ አድርጌ እራት ስሠራ አልነበረም ወይ?» ብላ ተገረመች። እውነቷን ነበረ፤ ሥራውን ይሠራ የነበረው ስልኩ ራሱ ነው። የዛሬ ስልኮች ፎቶግራፍና ቪዲዮ እንዳይጠፋ በሩቅ ወዳለ መዝገብ ቤት ይልካሉ፤ የሞባይል ሒሳብ እንዳይበላም ዋይፋይ እስኪያገኙ ይጠብቃሉ። ባለቤቴ ለዓመታት ያነሣችው የሰርጉ፥ የተዝካሩ፥ የክርስትናውና የጥምቀቱ ፎቶግራፍ 6,000 ያኽል ነበረ። ያ ሁሉ ተራውን ሲጠብቅ ኖሮ፥ ራውተሩ በገባ ጊዜ በአንድነት ለመውጣት ተነሣ። ስልኩ ሥራ ፈትቶ ከቻርጅ ላይ በሚውልበት በማታው ሰዓት ደግሞ ይበረታል፤ ያም የእትዬ ልጅ የምትደውልበት ሰዓት ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ ፎቶግራፍ 3 ሜጋባይት ቢሆን 24 ሜጋቢት ነው። መውጫው 0.5 ሜጋቢት ስለ ሆነ አንዱ ብቻውን 48 ሰከንድ ይፈጃል። 6,000 ፎቶግራፍ ደግሞ 288,000 ሰከንድ፥ ማለት 80 ሰዓት ያለ ማቋረጥ ይወስዳል። ማታ ማታ ብቻ ሲሆን ሳምንታት ነው፤ በዚህም ላይ የልጃችን ስልክ አለ።

ምናልባት አንባቢ፥ «የሚወጣው ቢጨናነቅ የሚገባውን ምን ያዘገየዋል?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ኢንተርኔት ሁሉን ነገር በትንንሽ ጥቅል ከፋፍሎ ይልካል፤ ተቀባዩም ስለ ደረሰው ጥቅል «ደርሶኛል» የሚል ትንሽ ደረሰኝ ይመልሳል። ላኪው ደረሰኙ ሲዘገይበት አካሄዱን ያቀዘቅዛል። ደረሰኞቹ የሚወጡት ደግሞ ፎቶግራፎቹ በተሰለፉበት በዚያው ጠባብ በር ነው። ስለዚህ መውጫው በተዘጋ ቤት መግቢያውም ይደክማል።

መድኃኒቱ ገንዘብ አላስፈለገውም። በሁለቱም ስልኮች ላይ ይህ በራሱ የሚልከው ሥራ እንዲቆም ተደረገ፤ አሁን ሰው ሁሉ ሲተኛ በየተራ አንድ ስልክ ብቻ ይከፈትለታል። ራውተሩም ለየመሣሪያው የመውጫ ልክ ለመወሰን የሚያስችል ስለ ነበረ፥ ከእትዬ ስልክ በቀር እያንዳንዱ ከ0.1 ሜጋቢት እንዳያልፍ ተወሰነ። ዓርብ ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ደግሞ መስመሩ የእትዬ እንዲሆን ቤተ ሰቡ ተስማማ።

በተከተለው ዓርብ የልጂቱ ፊት ጠርቶ ታየ። እትዬ ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ አየቻትና፥ «ከስተሻል» አለቻት። ልጂቱም በዚያ በሚቆራረጠው መስመር ሳትናገረው የቆየችውን ያን ጊዜ ተናገረች፤ ሥራው እንደ በዛባት፥ ወገቧን እንደሚያማት፥ ውሏም ከፋሲካ በኋላ ሲያልቅ ማደሱን እንዳልወደደች፥ ነገር ግን ባዶ እጅዋን ተመልሳ ቤተ ሰቡን እንዳታሳዝን እንደ ፈራች ገለጠች። እናትና ልጅ ከአንድ ሰዓት በላይ ተነጋገሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓርቦችም ስለ መመለሷ፥ ስለ ትኬቱና በመርሳ ልትጀምረው ስለምትችለው ሥራ መከሩ። በሚቆራረጥ መስመር ላይ ሰው ጊዜ የሚያገኘው «ደኅና ነኝ» ለማለት ብቻ ነው። እውነተኛው ወሬ ዝምታና ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ዝምታውም መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስል የሚታመን መስመር ያስፈልገዋል።

የሌላው ቤት ምክንያት ከዚህ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፥ ጥቂቶቹን ልጨምር። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንደሚኖሩት ብዙ ራውተር ተጠጋግቶ በሚገኝበት ቦታ፥ የጎረቤት ሞገድ ከእርስዎ ሞገድ ጋር ይጋጫል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ውስጥ እርስ በርሳቸው የማይነካኩት መስመሮች 1፥ 6ና 11 ስለ ሆኑ፥ ከእነዚህ ሰው ያልበዛበትን መምረጥ ይገባል። የይለፍ ቃሉ ጥበቃ በአሮጌው ደንብ ላይ ተደርጎ እንደ ሆነም፥ ብዙ ራውተሮች በአየር ላይ ከ54 ሜጋቢት በላይ አይሄዱም፤ ወደ አዲሱ መለወጥ ለፍጥነትም ለጥበቃም ይጠቅማል። ሞደሙ ራሱ ራውተር ሆኖ ሳለ ሁለተኛ ራውተር የተጨመረበት ቤት ደግሞ ሁለት አከፋፋይ ስለሚኖረው፥ ሁለተኛው የማከፋፈሉን ሥራ ትቶ ሞገዱን ብቻ እንዲያስተላልፍ ማድረግ ይሻላል።

በኬብል ሲለካም መስመሩ ደካማ ከሆነ ወደ ሽቦው መሄድ ያስፈልጋል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ግድም፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ በተዘረጋው 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ነው። የስልክ ሽቦ ከመሠረቱ ለድምፅ የተሠራ ነው፤ ኢንተርኔት በኋላ የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ ከድምፁ በላይ ባለው ሞገድ ይጓዛል። ከጣቢያው እየራቀ በሄደ መጠን ይደክማል፤ የዛገ መጋጠሚያና ዝናብ የገባበት ሽቦም ይጎዳዋል። በዚያው መስመር ላይ ተራ ስልክ ካለ ድምፁንና ኢንተርኔቱን የሚለየው ትንሽ ማጣሪያ መኖሩን ይመልከቱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ወደ አገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ደብተርዎን ይዘው ይሂዱ። ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፥ በኬብል ይህን ያኽል ተለካ ብሎ የሚናገር ሰው፥ «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ብሎ ከሚጮኽ ይልቅ ቶሎ ይደመጣል፤ ባለሙያውም ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።

ለቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች የምለው ይህ ነው። መሣሪያ ሲበላሽ መለካት ይቻላል፤ ከመነሻው ተነሥቶ አንድ አንዱን እየለዩ መሄድ የሁለት ወይም የሦስት ምሽት ሥራ ነው። በጥርጣሬ የተጎዳን ሰው ልብ ግን የሚለካበት መሣሪያ የለም፤ ለመጠገንም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ባለቤቴ ምርመራው ባለቀ ማግሥት ጧት የመጀመሪያውን ስኒ ቡና ራሷ ወደ ሰርቪስ ቤቱ ወሰደች። ተከራያችንም ዛሬ ከእኛ ጋር ናት። ደብተሩ በኮሪደሩ መደርደሪያ ላይ፥ ከራውተሩ ጎን ይገኛል፤ ከገጾቹም ግማሽ ያኽሉ ገና አልተጻፈባቸውም።